የጤናዬ ሰማንያ ቀን

ጤናዬን የማያውቁ ሰዎች «ያቺ ኩሩዋ ታይፒስት» ሲሏት ስሰማ ደሜ ይፈላል። ኩሩ! የት አይተውባት ነው? ወላሂ ከእሷ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ኩራት የሚባል አላየሁባትም። ዝም ማለቷን አይተው ነው። ለምን ዝም እንዳለች የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ባላውቅ በወደድኩ።

እኔ ከሪማ እባላለሁ። ባሌ ጀማለዲን ደብረ ማርቆስ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣል፣ እኔ ደግሞ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ቀሚስ እሰፋለሁ። የዚያች ክፍል ግድግዳ የጤናዬም መኝታ ቤት ግድግዳ ነው። ጭቃው ስስ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ ከወዲህ «ይማርሽ» እላታለሁ። የእኔ መኪናም ለእሷ እንደ ሰዓት ነበር። «እታለም፣ የመኪናሽን ድምፅ ካልሰማሁ የታመምሽ ይመስለኛል» ትለኝ ነበር።

ጤናዬ ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ታይፕ ተማረችና አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት፣ አልጠራውም። አራት ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ሦስቱ ወንዶች፣ አራተኛዋ እሷ። ጣቷ ግን የሦስቱን ሥራ ይሠራል። ከባድ ነገር ሲመጣ፣ የሹመት ደብዳቤ ሲሆን፣ ስርዝ ድልዝ የማይፈልግ ወረቀት ሲሆን «ለጤናዬ ስጧት» ነው። አለበል የሚባለውን፣ ከሁሉም ኋላ የተቀጠረውን ልጅ፣ አጠገቧ አስቀምጣ ታይፕ ያስተማረችውም እሷ ናት።

ከሥራ ስትመለስ እኔ ዘንድ ጎራ ትልና በርጩማዬ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታሻሻለች። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሹመት ስጽፍ ጣቴ አለቀ። አንድ ቀን የራሴን ስም በዚያ ወረቀት ላይ ራሴ መትቼ ባየው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እኔም ሳቅኩባትና «ያን ለት ቀሚሱን እኔ እሰፋልሻለሁ፤ እንደ ወይዘሮ ተጎማልለሽ ትገቢያለሽ» አልኳት።

በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ ዋናው ጸሐፊ ጡረታ ወጡ። አለቃዋ አቶ ቢተው ጸሐፊዎቹን ሰብስቦ ቦታው በፈተና እንደሚያዝ ነገራቸው። ፈታኙ ከአዲስ አበባ ጥር አምስት ቀን ይመጣል፤ ያለፈው ዋና ጸሐፊ ይሆናል። ጤናዬ ያን ቀን እርጉዝ ሆዷን ይዛ እየሮጠች መጣች። እኔ ምጧ የመጣ መስሎኝ ክሩን ጥዬ ተነሣሁ።

«ፈተና ነው! በፈተና ከሆነ የኔ ነው!» አለች። ወዲያው ተቀመጠችና በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

የምትቆጥረው ገንዘብ አይደለም፤ ቀን ነው። እነሱ ዘንድ ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። እስከዚያ እናቲቱ አራስ ናት፣ ከቤት አትወጣም። መሥሪያ ቤቱ የሚሰጣት የወሊድ ፈቃድ አንድ ወር ተኩል ነው። ወንድ ከወለደች አርባውን ጨርሳ፣ ክርስትናውን አውጥታ፣ ፈቃዷ ሳያልቅ ቢሮ ትገባለች፤ ፈተናው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ያገኛታል። ሴት ከወለደች ግን ፈተናው የሚውለው በሰማንያው ውስጥ ነው።

«እኛ ወንድም ይሁን ሴትም ይሁን አርባ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ሃይማኖትሽን ለሦስት ወር አውሺኝ» ብላ ሳቀች። እኔም እስኪያመኝ ሳቅኩ። ምን ያስቅ ነበር!

ኅዳር አሥር ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ምጧ ሲፋፋም እኔ ከወዲህ መኪናዬን አቁሜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ እልልታው መጣ። ለወንድ ይረዝማል፤ ለሴት ያጥራል። ይኼኛው ገና ሳልጠግበው ቆመ። ያ አላህ፣ ጤነኛ ልጅ ተወልዳ፣ እናቲቱ በሰላም ተገላግላ፣ እኔ ግን እልልታው በማጠሩ ከፋኝ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

አራሷን የሚያርሱት አማቷ ወይዘሮ ሽታዬ ናቸው። ባሏ እንዳላማው ሉማሜ የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ወይዘሮ ሽታዬን ክፉ ሴት ናቸው ብል አላህ ይታዘበኛል። ገንፎውን በቅቤ፣ አብሹን በማር አድርገው እንደ ልጃቸው ነው ያረሷት። ከትራሷ ሥር ቢላዋ፣ ከደጁ እሳቸው፤ እንዝርታቸውን ይዘው በሩ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ነፋስ እንኳ እሳቸውን ሳያስፈቅድ አይገባም ነበር።

ጤናዬ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። አንድ ቀን ልጠይቃት ስገባ «ባዶ የጫማ ካርቶን አለሽ?» አለችኝ። ሰጠኋት። ክዳኑ ላይ የታይፑን ፊደላት በሙሉ በየቦታቸው በእርሳስ ሣለቻቸው። ልጅቷን ጡት እያጠባች በአንድ እጇ፣ ልጅቷ ስትተኛ በሁለት እጇ ትመታዋለች። ከግድግዳው ወዲህ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ሲል እሰማለሁ። እኔ መኪናዬን እረግጣለሁ፣ እሷ ካርቶኗን ትመታለች፤ እንዲህ ስንል ውለን እናመሻለን።

አለበልም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል መጣ። ስኳር ይዞ ነው የመጣው፤ ትንሽ ተቀመጠና ሰንጠረዥ ያለበት ደብዳቤ እንዴት እንደሚመታ ጠየቃት። እሷም ካርቶኑን አውጥታ አሳየችው! እኔ ለራሴ ደሜ ፈልቷል። ሲወጣ ጠብቄ «አንቺ ሴት፣ የሚፈተነው ካንቺ ጋር አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ታዲያ አላውቅም ልበለው?» አለች። እንግዲህ ኩሩ የሚሏት እሷን ነው።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ፈቃዷ አበቃና እስከ ሰማንያው ድረስ ያለ ደመወዝ እንዲጨመርላት ማመልከቻ ጻፈች፤ ተፈቀደላት። ፈተናውን በሌላ ቀን እንዲያደርጉላት ስትጠይቅ ግን አቶ ቢተው በአለበል በኩል የላከው ቃል አጭር ነበር፦ «ፈታኙ አንድ ቀን ነው የሚውለው። የቀረ ቀረ።»

አማቷን ለመነቻቸው። አጠገባቸው ነበርኩ፤ ያየሁትን ነው የምናገረው። «እማማ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ። ተሸፋፍኜ ሄጄ እመለሳለሁ» አለቻቸው። ወይዘሮ ሽታዬ እንዝርቱን አስቀመጡት። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፣ እሳቸው ግን አለቀሱ።

«የኔ ልጅ በሠላሳ ቀኗ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ለአንዲት እንስራ ውሃ ብቻ። ምች መታት፣ በሦስተኛው ቀን ቀበርኳት። ሰማንያው ሳይሞላ ከዚህ ደጅ የምትወጪ ከሆነ፣ መጀመሪያ እኔን ቅበሪኝ» አሏት። ጤናዬ እግራቸው ላይ ወድቃ እሷም አለቀሰች።

እንዳላማው ቅዳሜ መጣ። ሁለቱንም ሰማ፣ ጢሙን አሻሸ፣ በመጨረሻም «እናቴን አላስቀይማትም፣ አንቺም ደግሞ እውነት አለሽ» አለ። ወንድ ነው አሉ! ከዚያ የነፍስ አባታችን ይበይኑ ተባለ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ፍቅረ ሥላሴ የሚኖሩት ራቅ ብሎ ዲማ ነው፣ እግራቸውን ታመው ተኝተዋል። ማርቆስ ከተማ ቄስ ሞልቶ የለም እንዴ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። የራስን የነፍስ አባት ዘልሎ የቤትን ነገር ለሌላ ቄስ ማውራት ነውር ነው አሉኝ። ወደ ዲማ በሚሄድ ሰው መልእክት ላኩ፤ መልስ አልመጣም።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ወይዘሮ ሽታዬ ጓሮ ወጣ ሲሉ ጤናዬ እጄን ያዘችኝ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ጥር አምስት አቦ ነው። እማማ ማልደው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ሮብ ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በፊት አይወጣም። እሳቸው እንደሄዱ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ እመታልሻለሁ። አንቺ በአጥሩ ሽንቁር በኩል ገብተሽ ልጅቷን ያዥልኝ፣ እኔ ያንቺን ሻሽና ነጠላ ተከናንቤ በሱቃችሁ በኩል ልውጣ። አንቺን መስዬ ብሄድ ማን ያየኛል? አጥብቻት እሄዳለሁ፣ ሳትነቃ እመለሳለሁ።»

«እሺ፣ ምን ችግር አለው» አልኳት። ያልኩት ይኼን ነው፤ ቃሌ ነው። ፊቷ ሲበራ አየሁት።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ለጀማለዲን ነገርኩት። እጁን ከሳህኑ አነሣ።

«አብደሻል? ብቻሽን፣ ካልተጠመቀች የክርስቲያን ልጅ ጋር? ትኩሳት ቢይዛትስ? ትን ቢላትስ? እናቲቱን ምች ቢመታትስ? እስላሟ ናት አልብሳ ያስወጣቻት፣ እስላሟ ናት ልጅቷን ይዛ የተገኘችው ሲሉሽ ምን ትመልሻለሽ? ሱቁን ዘግተን የት እንገባለን?»

ጮኽኩበት፣ ሳህኑንም ገፋሁት። ግን ቃሉ ገባ። አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም። የወይዘሮ ሽታዬ ልጅ ስለ አንዲት እንስራ ውሃ መሞቷ ትዝ ይለኛል፣ ከዚያ የጤናዬ ፊት ትዝ ይለኛል፣ ከዚያ ሱቁ። «አልችልም» ልላት ይገባኝ ነበር። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ እሄዳለሁ፤ እሷ ፀጉሯን ስትታጠብ፣ ጥፍሯን ስትቆርጥ፣ ካርቶኑ ላይ ስትለማመድ አገኛታለሁ፤ ነገ እነግራታለሁ ብዬ እመለሳለሁ። ብነግራት ኖሮ ሌላ ሰው ትፈልግ ነበር። ምናልባት ሌላ መላ ታገኝ ነበር። እኔ ግን ያንን እንኳ ነሣኋት።

ሮብ ጠዋት ወይዘሮ ሽታዬ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው በሱቃችን ደጅ አለፉ። ሲያዩኝ ቆሙ።

«ከሪማ ልጄ፣ አቦን ተሳልሜ እመጣለሁ። አራሷን ጆሮሽን ጣል አድርጊባት። አደራሽን» አሉኝ።

«እሺ እማማ፣ አያሳስብዎት» አልኳቸው። ከሁለት በኩል አደራ በላ የሆነ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ እኔ ነኝ።

ገባሁና መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ነበር የምሰፋው። መርገጥ ጀመርኩ፣ በኃይል ረገጥኩ፣ ሌላ ድምፅ እንዳልሰማ።

ግድግዳው ተመታ። ሦስት ጊዜ።

እግሬ ቆመ። ወላሂ እኔ አላቆምኩትም፣ ራሱ ቆመ። መኪናው ጸጥ ሲል ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ሻሼና ነጠላዬ ምስማሩ ላይ ተሰቅለዋል፤ አያቸዋለሁ። ተነሣ እለዋለሁ ገላዬን፣ አይነሣም። እንደገና ሦስት ጊዜ መታች። «እታለም» ስትል ሰማሁ፣ ቀስ ብላ። ልጅቷ አለቀሰች። «እታለም፣ ሰዓቱ ደረሰ።» እኔ አፌ ውስጥ ክር ይዤ፣ እንደ ሌባ ትንፋሼን ውጬ ተቀምጫለሁ። ልጅቷን ብቻዋን ጥላ እንደማትወጣ አውቃለሁ። ያልተጠመቀች ልጅ ለቅጽበት ብቻዋን አትተውም፤ እሷም እናት ናት።

ለሦስተኛ ጊዜ አልመታችም። ብዙ ቆይቶ፣ ልጅቷ ዝም ስትል፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚለውን ሰማሁ። ፈታኙ እነ አለበልን በሚፈትንበት በዚያው ሰዓት ካርቶኗን ትመታ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ መታች፣ ከዚያ አቆመች።

ከሰዓት በኋላ ስኳር ይዤ ሄድኩ። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። «ምን ልበልሽ፣ ጠዋት ድንገት ገበያ ላኩኝና…» አልኳት። ውሸት!

«ምንም አይደል እታለም። ልጅቷም አልተኛችም ነበር፤ ብመጣም አይሆንም ነበር» አለችኝ። ካርቶኑ ከአልጋው ሥር ተገፍቶ አየሁት።

ጥር ሃያ ዘጠኝ፣ ቅዳሜ፣ ሰማንያው ሞላ። ልጅቷ ክርስትና ተነሣች፤ ስሟም ወለተ ሐዋርያት ተባለ። ለእኛ ለእስላሞቹ ዳቦና ሻይ ለብቻ ተዘጋጅቶልን ግቢው ውስጥ ተቀምጠናል። መምሬ ፍቅረ ሥላሴ እግራቸው ተሽሏቸው በበቅሎ መጥተዋል። ጠላቸውን ቀምሰው ጤናዬን ጠሯትና «ሥራሽስ እንዴት ነው ልጄ? ሲያመሰግኑሽ እሰማለሁ» አሏት።

እሷ አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ ሽታዬ ናቸው የመለሱት፤ ደስ ብሏቸው፣ እንደ ጀብዱ። «አባ፣ ለሹመት ፈተና ጠርተዋት ነበር። እኔ ግን ሰማንያው ሳይሞላ አትወጣም ብዬ ይዤ አስቀረኋት። ይኸው ሁለቱም በሰላም!»

መምሬ ዋንጫውን አስቀመጡ። «ማን ነው አትውጣ ያለ?» አሉ።

«ሥርዓቱ ነዋ አባ!»

«ሥርዓቱማ ቤተ ክርስቲያን አትግባ ነው የሚል። ቢሮ አትግባ አላለም። ሲሆን ትረፍ፣ ካልሆነ ግን እንጀራዋ ነው፣ ተሸፋፍና ሄዳ ብትመጣ ምን ኃጢአት አለው? ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

«ልከን ነበር እኮ» አለ እንዳላማው፤ ድምፁ አይሰማም።

«እኔ ዘንድ የደረሰው ሴት ወልዳለችና ለክርስትናው ይምጡ የሚል ብቻ ነው» አሉ መምሬ።

ወይዘሮ ሽታዬ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «ውይ! ውይ ልጄን! እኔ ምኑን አውቄ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ጤናዬ ሄዳ አቀፈቻቸው። አጽናኟ እሷ ሆነች። «ይተዉት እማማ፣ እርስዎ ፈርተውልኝ ነው» ትላቸዋለች። እኔ የያዝኩትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሰኞ፣ የካቲት አንድ ቀን፣ ሥራ ገባች። ቀኑን ሙሉ መኪናዬ ላይ ሆኜ ደጁን ደጁን ስመለከት ዋልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መጣችና እንደ ድሮዋ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። ጣቶቿን ግን አላሻሸችም፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ዛሬ ገና ከመግባቴ ምን ሰጡኝ መሰለሽ?» አለች። «የአለበልን የሹመት ደብዳቤ። አቶ ቢተው ስርዝ ድልዝ እንዳይኖረው ለጤናዬ ስጧት አለ። አለበል ራሱ ነው ያመጣልኝ፤ አላየኝም፣ መሬት መሬት ነው የሚያይ። ወረቀቱን አስገባሁና መታሁት። ዋና ጸሐፊ ሆነው ተሹመዋል የሚለውን ሁሉ። አንድ ፊደል አልሳትኩም እታለም። አንድም።»

እንባዬ መጣ፣ መያዝ አቃተኝ። አሁን እንኳ እውነቱን ተናገር አልኩት አፌን። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ። «ያን ለት እኔ ገበያ ባልሄድ ኖሮ…» አልኳት።

ጤናዬ እጇን ዘርግታ የስፌት መኪናዬን ጎማ ያዘችው። ቁጣ የለባትም፤ ብትቆጣኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

«መኪናሽ ሲቆም እኮ ሰምቻለሁ» አለችኝ።

ከግድግዳው ወዲያ ልጅቷ አለቀሰች። ጤናዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና ልታጠባት ሄደች።